ሱስ፣ ማገገምና የልቦለድ ጊዜ

መግቢያ

የቡና ሥርዓታችን ለጊዜ ስም አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ሲኒ ሲጠጣ ረከቦቱ ይነሣል፤ እንግዳውም መርቆ ይሄዳል። በቡና መገኛነቱ በሚታወቀው በከፋ ምድር ቡና ያልጠጣ ሰው ራሱን ሲያመው «ሱሴ ተነሣ» ቢል የሚደነግጥ የለም፤ ጀበና ይጣድለታል። ይኸው «ሱስ» የሚለው ቃል ግን ስለ ጫት፣ ስለ አረቄ፣ ስለ ሲጋራ ወይም ስለ ሐሺሽ ሲነገር ሌላ ድምፅ ይይዛል። ያን ጊዜ ቃሉ የሚያመለክተው ለአንድ ጠዋት የተስተጓጎለን ልማድ ሳይሆን የተበላሸን ሕይወት ነው። አንዱ ቃል የሁለት ታሪኮች መጠሪያ ሆኗል። የመጀመሪያው ተጀምሮ በሰላም የሚያልቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ገና ሲጀመር መጨረሻው የታወቀ ነው ተብሎ የሚታመን ነው።

ይህ ጽሑፍ ልቦለድ ሁለተኛውን ታሪክ እንዴት እንደሚተርከው ይመረምራል። የሚያቀርበውም ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ ልቦለድ ስለ ሱስ የሚሰጠን ግንዛቤ በዋናነት የሚመነጨው ስለ ዕፁ ወይም ስለ መጠጡ ከሚሰጠው መግለጫ ሳይሆን ለጊዜ ከሚሰጠው ቅርጽ ነው። ሴራው ቁልቁል ብቻ የሚወርድ ከሆነ አንባቢው ሱሰኛን የጠፋ ሰው አድርጎ ያየዋል። ሴራው በአንድ ቀን ለውጥ የሚቋጭ ከሆነ አንባቢው ማገገምን የቁርጠኝነት ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል። ማገርሸትን ችሎ የሚቀጥል ትረካ ግን ከእነዚህ ከሁለቱም የራቀ፣ ለእውነታው የቀረበ ግንዛቤ ይሰጣል።

ጥያቄው ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ግድግዳ ውጭም ይሠራል። በሱስ ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ አንድ ተማሪ ከስድስት ወር በኋላ ቢያገረሽበት፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛው፣ መምህሩ ወይም ቤተሰቡ «ድሮም አይተውም» ይሉ ይሆናል። ይህ ፍርድ ከሕክምና መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ ስንሰማውና ስናነበው ከኖርነው የታሪክ ቅርጽ የተወረሰ ነው። በፍርዱ ምክንያት በር የሚዘጋበት ግን እውነተኛ ሰው ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ዓመቶች የተጠቀሱት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

ቃላቱ ስለ ጊዜ ምን ይነግሩናል?

ከልቦለድ በፊት ቋንቋ አለ። በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች መካከል እየተዋዋሰ ያደገው የጫት ቃላት ክምችት ቀኑን በሙሉ ይከፋፍለዋል። በማለዳ የሚቃመው ኢጀባና ይባላል። ከመቃሙ በፊት ሰውነት የሚጠይቅበት፣ ትዕግሥት የሚያልቅበት ሰዓት ሐራራ ነው። ከቀትር በኋላ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ሥርዓት በርጫ ነው። ጨዋታው የሚሞቅበት፣ ዕቅድ ሁሉ ቀላል መስሎ የሚታይበት ከዚያም ዝምታ የሚወርድበት ሁኔታ ምርቃና ይባላል። ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር የሚደረገው ደግሞ ጨብሲ ነው። ቅሞ የኖረ ሰው ሲያቆም በእንቅልፉ የሚመጣበትን አስፈሪ ሕልም ሕዝቡ ዱካክ ይለዋል።

እነዚህ ቃላት ዝርዝር ብቻ አይደሉም፤ መነሻ፣ ከፍታና መውረጃ ያላቸው ስለሆኑ የተዘጋጀ ሴራ ናቸው። የቅጠሉ ተፈጥሮም ይህን የጊዜ ሥርዓት ያጠናክረዋል። በጫት ውስጥ ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ሲሆን ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ጫት ትኩስነቱን እንደያዘ ከእርሻ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቃሚው መድረስ አለበት። የዕለቱ ጫት የዕለቱ ነው፤ ነገ ሌላ እስር ይገዛል። ልቦለድ ጸሐፊ ስለ ጫት ሲጽፍ ይህን ሰዓት ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

በአንጻሩ የመተውን ጊዜ የሚከፋፍሉ ቃሎቻችን ጥቂት ናቸው። «ተወ»፣ «አቆመ»፣ «ዳነ» እንላለን። ሦስቱም ድርጊቱን ተጀምሮ ያለቀ፣ የአንድ ጊዜ ክንውን አድርገው ያቀርቡታል። ትናንት ቃሚ፣ ዛሬ የተወ ሰው ይሆናል። በመካከል ያለው ረጅም ጊዜ፣ ማለትም እንቅልፍ የሌለው ሳምንት፣ ከጓደኛ የመሸሽ ወር፣ በርጫ በሚቀመጡበት ሰዓት ሌላ የሚሠራ ነገር የመፈለግ ዓመት፣ የየራሱ ስም የለውም። «አገገመ» እና «አገረሸበት» የሚሉት ግሦች ግን ከዚህ ይለያሉ። ማገገም ቀስ በቀስ የሚመለስን ጤና ያሳያል። ማገርሸት ደግሞ የተወ የመሰለ ሕመም ወይም የበረደ የመሰለ ጠብ እንደገና መነሣቱን ይናገራል። ቋንቋችን ለማገገም የሚሆን የትረካ ዘር እንዳለው እነዚህ ሁለት ግሦች ያስረዳሉ።

ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንም ሌላ ገጽታ ያክላሉ። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» እና «አመል ያወጣል ከመሃል» ይባላል። ሁለቱም ልማድን የሚመዝኑት ግለሰቡ በሚደርስበት ጉዳት አይደለም። አንደኛው የሚያየው ማዕዱን፣ ሁለተኛው የሚያየው መሃሉን ነው። ሱስ በዚህ አስተሳሰብ ሰውን ከማኅበር የሚለይ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በርጫውም ሆነ የጠጅ ቤቱ ወንበር ራሱ ማኅበር ነው። ከአንድ መሃል የወጣ ሰው ሌላ መሃል አግኝቷል ማለት ነው። ስለ ሱስ የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ የሚያጋጥመው ዋና ችግር ከዚህ ይመነጫል፤ ሰውየው መጠጡን ወይም ቅጠሉን ሲተው የሚተወው ሰዎችንም ጭምር ነው።

ቁልቁል የሚወርድ ሴራ

በዓለም ሥነ ጽሑፍ የሱስን የውድቀት ሴራ በጥንካሬ ካቆሙት ሥራዎች አንዱ የፈረንሳዊው የኤሚል ዞላ «ላሶሟር» (1877) ነው። ጣሪያ ሠሪው ኩፖ ሥራውን የሚወድ፣ መጠጥ የማያበዛ ሰው ነበር። ከጣሪያ ወድቆ ከተጎዳ በኋላ ግን በሕመም ያሳለፈው የሥራ ፈትነት ጊዜ ወደ መጠጥ ቤት ይወስደዋል። በመጨረሻም በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይሞታል፤ ባለቤቱ ዤርቬዝም ተከትላው ትወድቃለች። ዞላ ዘር፣ ሥራና ሰፈር የሰውን ዕጣ ይወስናሉ ከሚል እምነት ተነሥቶ ስለጻፈ ሴራው ወደ ላይ የሚመለስበት መንገድ የለውም። የድህነትንና የመጠጥን ቁርኝት በዚህ መንገድ ማሳየቱ ትልቅ አስተዋፅኦ ነበር። ይሁን እንጂ አንባቢው በመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ የመጨረሻውን ሞት እንዲያይ ያሠለጥነዋል።

በአማርኛ ይህን ጥያቄ ለማንሣት የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ተስማሚ መነሻ ነው። ልቦለዱ በአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ በነበረው በውቤ በረሃ የሌሊት ሕይወት ላይ ያተኩራል፤ የመጠጥ ቤቶቹን፣ ጭፈራውን፣ ሴተኛ አዳሪዎቹንና ደንበኞቻቸውን ያለ ሽፋን ያቀርባል። በ2004 በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ርእሱ ብቻውን ስለ ጊዜ የቀረበ አስተያየት ነው፤ የሚነጋ የማይመስል ሌሊት። በዚህ ዓለም ውስጥ መጠጥ የአንድ ሰው የግል ሕመም ሆኖ አይቀርብም። የቦታው አየር፣ የጓደኝነት መሐላ፣ የገንዘብ መለዋወጫና የብቸኝነት መሸፈኛ ነው።

የስብሐት አቀራረብ ከዞላ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ፍርድ አይሰጥም፤ ተራኪው ከገጸ ባሕርያቱ በላይ ቆሞ ወደ ታች አያይም። ሁለተኛ፣ ሌሊቱ ወደ አንድ የተወሰነ ጥፋት የሚነዳ መንገድ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊትን ይከተላል እንጂ። ይህ አቀራረብ ከውድቀት ሴራ ነፃ የወጣ በመሆኑ ሱስን በማኅበራዊ ገጽታው ለማየት ያስችላል። ነገር ግን የማይነጋ ሌሊት በትርጉሙ ነገ የለውም፤ ነገ ከሌለ ደግሞ ማገገም የሚተረክበት ቦታ የለም። ልቦለዱ ማኅበሩን በሙሉ ሙቀቱ ይሰጠናል፤ ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው የት እንደሚደርስ መናገር ግን ዓላማው አይደለም።

በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ያሳተመው «ደራሲው» ሌላ ችግር እንድናስተውል ይረዳናል። በዋናው ገጸ ባሕርይ በሲራክ ውስጥ ብዙ አንባቢዎች ስብሐትን አይተዋል። ደራሲ ስለ ደራሲ ሲጽፍና አንባቢው ልቦለዱን ከአንድ ሕያው ሰው ጋር ሲያገናኝ አንድ አፈ ታሪክ ይጠነክራል፤ የኪነ ጥበብ ሰው ሥርዓት የማይገዛው፣ ሌሊቱን በመጠጥ ቤት የሚያነጋ፣ ብዕሩን በምርቃና የሚስል ነው የሚል። በዚህ አፈ ታሪክ ውስጥ ሱስ ሕመም መሆኑ ቀርቶ የችሎታ ምልክት ይሆናል። ውጤቱም ከውድቀት ሴራ ጋር አንድ ነው። የውድቀት ሴራ «መመለስ አይቻልም» ሲል፣ አፈ ታሪኩ «መመለስ ምን ያስፈልጋል?» ይላል። ሁለቱም የማገገምን ጥያቄ ሳይነሣ ያስቀሩታል። ማንበብና መጻፍ የሚወድ ወጣት ጫትን የጥናትና የፈጠራ ነዳጅ አድርጎ ሲያየው ይህ አፈ ታሪክ ከጀርባው መኖሩን ተመራማሪው መዘንጋት የለበትም።

በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ መዳን

የውድቀት ሴራ ተቃራኒ መስሎ የሚታየው የድንገተኛ መዳን ሴራ ነው። የዚህን ጉልበት ለማየት አንድ ልቦለድንና ከእርሱ የተሠራውን ፊልም ማነጻጸር ይጠቅማል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጃክሰን በ1944 ባሳተመው «የጠፋው የሳምንት መጨረሻ» ውስጥ ዶን በርናም የተባለ፣ መጻፍ የሚመኝ ሰው ለጥቂት ቀናት ያለማቋረጥ ሲጠጣ እናየዋለን። በመጨረሻ ከቀናቱ ተርፎ ቤቱ ይገኛል፤ ነገር ግን ምንም አልተፈታም። ቀጣዩ ዙር እንደሚመጣ አንባቢው ያውቃል።

በቀጣዩ ዓመት ቢሊ ዋይልደር ፊልሙን ሠራ፤ ምርጥ ፊልም ተብሎም የኦስካር ሽልማት አገኘ። በፊልሙ መጨረሻ ግን ዶን ሲጋራውን በውስኪው ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ መጠጡን ያበላሸዋል፤ በደረሰበት ነገር ላይ መጽሐፍ ለመጻፍም ይነሣል። ልዩነቱ የጥቂት ደቂቃ ትዕይንት ይመስላል። ትርጉሙ ግን ሰፊ ነው። በልቦለዱ ችግሩ ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ይቀጥላል፤ በፊልሙ ግን ሴራው መዘጋት ስላለበት ሰውየው በአንድ ምሽት ውሳኔ ይድናል። የትረካው ፍላጎት የሰውየውን የሕይወት ጊዜ አሳጥሮታል።

በእኛም አገር ይህ የመዳን ሴራ ጠንካራ ሥር አለው። በምስክርነት፣ በስብከት፣ በአጫጭር ድራማዎችና በትምህርት ቤት የመድረክ ተውኔቶች የምናውቀው ቅርጽ ነው። ወጣቱ ይበላሻል፤ እናት ታለቅሳለች፤ አንድ አደጋ ወይም ሞት ይደርሳል፤ ወጣቱ ይጸጸታል፤ ሁሉም ይታረቃል። የዚህን ቅርጽ ዋጋ ማቃለል ተገቢ አይደለም። በጠበል ቦታ፣ በጸሎት ወይም በቃል ኪዳን ከሱስ የወጡ ሰዎች አሉ፤ የተመለሰን ልጅ በደስታ የመቀበል ልማድም የዚህ ትረካ ስጦታ ነው። ችግሩ ቅርጹ ጸጸቱን የመጨረሻ ትዕይንት ማድረጉ ላይ ነው። ጠበል ቦታ የከረመ ሰው እንኳ የሚያገግመው በአንድ ጥምቀት አይደለም፤ ከሰፈሩ ርቆ፣ የቀኑን ሰዓት በሌላ ሥርዓት ሞልቶ፣ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ሳምንታት ቆይቶ ነው። ታሪኩ ሲነገር ግን ሳምንታቱ ይወድቁና ተአምሩ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቢያገረሽበት ሰውየው ብቻ ሳይሆን ምስክርነቱም ሐሰት ይመስላል።

ማገርሸትን የሚችል ትረካ

የሕክምናው ዕውቀት በዚህ ረገድ ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ጠቃሚ መለኪያ ይሰጣል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛው የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ መሠረት፣ የሕመሙ መለያ ምልክቶች ቢያንስ ለ3 ወር ከጠፉ የመጀመሪያ ደረጃ ማገገም ይባላል፤ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የጸና ማገገም ይሆናል። መመሪያው በዚህ መለኪያ ውስጥ አንድ ምልክት ሊቀር እንደሚችል ይቀበላል፤ እርሱም ብርቱ ፍላጎት፣ በእኛ ቃል ሐራራ ነው። ይህም ማለት አንድ ሰው ሐራራው ሳይለቀው አገግሟል ሊባል ይችላል። ጀምስ ፕሮቻስካና ካርሎ ዲክሌሜንቴ ደግሞ ሲጋራ ለመተው በራሳቸው ጥረት በሞከሩ ሰዎች ላይ በ1983 ባሳተሙት ጥናት ለውጥን በደረጃዎች የሚያልፍ ሂደት አድርገው ሲያቀርቡት ማገርሸትን ከሂደቱ ውጭ አላደረጉትም።

ልቦለድ ይህን ያወቀው ቀድሞ ነው። በፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» (1866) ውስጥ ሰካራሙ ማርሜላዶቭ ታሪኩን በመጠጥ ቤት ለራስኮልኒኮቭ ይተርክለታል። ከሥራ የተባረረው ማርሜላዶቭ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዙን ወደ ቤት ሲያመጣ ባለቤቱ አክብራው፣ ቤተሰቡ እንዳይረብሸው በጣቱ ጫፍ እየሄደ፣ ቤቱ በተስፋ ተሞልቶ ነበር። የተረፈውን ደመወዝ ከሣጥኑ ሰርቆ የሚወጣው ከዚህ ደስታ በኋላ ነው። ዶስቶየቭስኪ ማገርሸትን ከመከራ በኋላ ሳይሆን ከተስፋ በኋላ ማስቀመጡ ትልቅ ማስተዋል ነው። የተመለሰ ሰው የሚሸከመው የራሱን ሐራራ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ በእርሱ ላይ የጫነውን ተስፋም ይሸከማል። ተስፋው አንድ ጥፋት እንኳ የማይፈቅድ ሲሆን ከባድ ይሆናል።

ጄምስ ቦልድዊን በ1957 ባሳተመው «የሶኒ ብሉዝ» የተባለ አጭር ልቦለድ ይህን ሐሳብ ወደ ፊት ይወስደዋል። ተራኪው በኒው ዮርክ ሃርለም የአልጀብራ መምህር ነው። ታናሽ ወንድሙ ሶኒ በሄሮይን ምክንያት መታሰሩን ከጋዜጣ ያነባል፤ ለረጅም ጊዜም ደብዳቤ አይጽፍለትም። ዝምታውን የሚሰብረው የገዛ ትንሽ ልጁ ከሞተች በኋላ ነው፤ የራሱ ሐዘን የወንድሙን ሐዘን ያሳየዋል። ሶኒ ተፈትቶ ሲመለስ ታሪኩ በአቀባበል አያልቅም። ታላቁ ወንድም የታናሹን ክፍል መፈተሽ ያምረዋል፤ ታናሹም ነገሩ እንደገና ሊመጣ እንደሚችል በግልጽ ይነግረዋል። ታላቁ መሐላ አያስምለውም። በመጨረሻ ሶኒ ፒያኖ ወደሚጫወትበት የሙዚቃ ቤት አብሮት ይሄዳል፤ ተቀምጦም ያዳምጠዋል።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ ማገገምን ከውሳኔ ወደ ግንኙነት ማዛወሩ ነው። ሶኒ ዳነ ወይስ አልዳነም? ቦልድዊን መልስ አይሰጥም። የተለወጠው በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ያለው መደማመጥ ነው። ሙዚቃውም የሱስ ምትክ ሆኖ የቀረበ ቀላል መፍትሔ አይደለም፤ ሶኒ አደጋው ባለበት ዓለም ውስጥ ነው የሚጫወተው። አንባቢው ሲጨርስ «ያገረሽበት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አይጠፋም፤ ከእርሱ በላይ ግን «ቢያገረሽበት ማን አጠገቡ ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ማን ይተርካል? መቼስ ሱስ ይባላል?

«የሶኒ ብሉዝ» የሚተረከው በሱሰኛው አይደለም፤ በወንድሙ ነው። ይህ የአንጻር ምርጫ ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ ትርጉም አለው፤ ሱስ በቤተሰብ ውስጥ በዝምታ የሚያዝ ጉዳይ ነውና። አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ዲናው መንግሥቱ በ2024 ባሳተመው፣ ርእሱ «እንደ እኛ ያለ ሰው» ተብሎ ሊተረጎም በሚችል የእንግሊዝኛ ልቦለድ ውስጥ ይህን ዝምታ የታሪኩ ማዕከል ያደርገዋል። በፓሪስ የሚኖረው ጋዜጠኛ ማሙሽ በዋሺንግተን ዙሪያ ወዳለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ሲመለስ እንደ አባት የሚያየው ባለ ታክሲው ሳሙኤል ሞቶ ይደርሳል። የሳሙኤል ሕይወትና ከሱስ ጋር ያደረገው ትግል ለማሙሽ ተቆራርጦ፣ ተደባብቆ፣ ከፊሉም በፈጠራ ተሞልቶ ነው የሚገለጥለት።

የስደተኛ ማኅበረሰብ ስለ ልጆቹ የሚናገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ መጣ፣ ሠራ፣ ቤት ገዛ፣ ልጅ አስተማረ። ሱስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ስለሌለው ወደ ሹክሹክታ ይገባል። የዲናው ልቦለድ የተቆራረጠ ጊዜ ይህን ሹክሹክታ በቅርጹ ያሳያል። ማገገም ሊተረክ የሚችለው ሕመሙ መጀመሪያ ስም ሲያገኝ መሆኑንም በተዘዋዋሪ ይነግረናል።

ሌላው የአንጻር ጥያቄ በልማድና በሱስ መካከል ያለውን ድንበር ይመለከታል። ካሚላ ጊብ በ2005 ባሳተመችውና በከፊል በሐረር በሚካሄደው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የተባለ ልቦለድ በርጫ ወጣቶች የሚተዋወቁበት፣ ስለ ፖለቲካ የሚከራከሩበት፣ ፍቅር የሚጀመርበት ስብሰባ ነው። በ2021 የወጣው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ደግሞ በዚያው በሐረር ዙሪያ ጫትን ሲለቅሙ፣ ሲያስሩ፣ ሲያጓጉዙና ሲቅሙ ያሳየናል። ሥራው ዘጋቢ ፊልም ቢሆንም ትረካው ከልቦለድ ጋር የሚያነጻጽር ነው። በእርሱ ውስጥ አንድ ታዳጊ ከአባቱ የምርቃናና የሐራራ ጠባይ መለዋወጥ ጋር ይኖራል፤ ከአገር የመውጣት ሐሳብም ያባክነዋል። አንዱ ቅጠል በመጀመሪያው ሥራ የወዳጅነት፣ በሁለተኛው የመተዳደሪያም የመታሰሪያም ምልክት ነው።

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ የጤና ጥናት ያስረዳል። በቡታጅራ በ10,468 አዋቂዎች ላይ ተካሂዶ በ1999 በታተመ ጥናት፣ 55.7 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ፣ 50 በመቶዎቹም በጥናቱ ወቅት ይቅሙ እንደነበር ተናግረዋል። ከሚቅሙት መካከል ግን በየቀኑ እቅማለሁ ያሉት 17.4 በመቶ ነበሩ። መቃምና በሱስ መያዝ አንድ እንዳልሆኑ ቁጥሩ ያመለክታል። እያንዳንዱን ቃሚ ሱሰኛ አድርጎ የሚያቀርብ ልቦለድ አብዛኛውን ቃሚ አያውቀውም። በርጫን የደስታ ሸንጎ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ደግሞ ከሸንጎው መውጣት ያቃተውን ሰው ይረሳዋል።

ለጥናት የሚሆኑ አቅጣጫዎች

ከላይ የቀረበው ትንታኔ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ ላይ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስት የንባብ ጥያቄዎችን ያቀርባል።

የመጀመሪያው የመጠን ጥያቄ ነው። አንድ ልቦለድ ለመቃሙ ወይም ለመጠጣቱ ስንት ገጽ፣ ለመተዉ ስንት ገጽ ይሰጣል? የተራኪው ጊዜ ከባለታሪኩ ጊዜ ጋር ያለው ንጽጽር በቀላሉ ሊለካ የሚችል ሲሆን ደራሲው ስለ ማገገም ያለውን ያልተነገረ እምነት ያሳያል። ሁለት ዓመት የፈጀ ትግል በአንድ አንቀጽ፣ አንድ የስካር ሌሊት በሠላሳ ገጽ ሲተረክ አንባቢው የትኛውን እንደሚያስታውስ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው የአንጻር ጥያቄ ነው። ታሪኩ የሚነገረው በሱሰኛው፣ በቤተሰቡ፣ በጓደኛው ወይስ ሁሉን በሚያውቅ ተራኪ ነው? ቤተሰቡ የሚተርክ ከሆነ የራሱን ድካም፣ ቁጣና ዝምታ ይናገራል ወይስ የሚናገረው ስለ ጥፋተኛው ብቻ ነው?

ሦስተኛው የማኅበር ጥያቄ ነው። ሰውየው ከበርጫው ወይም ከመጠጥ ቤቱ ሲወጣ ደራሲው የሚገባበት ሌላ ቤት ሠርቶለታል ወይ? በከፋና በአካባቢው የቡናው ሥርዓት፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የሥራ ደቦው የሰውን ቀን የሚሞሉ ማኅበራት ናቸው። በቦንጋና በአካባቢዋ ከሱስ ያገገሙ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በፈቃዳቸውና ማንነታቸውን ጠብቆ በካፊኖኖና በአማርኛ የሚሰበስብ ጥናት ቢካሄድ፣ ሰዎች የራሳቸውን ማገገም በየትኛው የጊዜ ቅርጽ እንደሚተርኩ፣ ማገርሸትንም በምን ቃል እንደሚጠሩት ለማወቅ ያስችላል። ውጤቱ ለሥነ ጽሑፍ ሂስ ብቻ ሳይሆን ለምክር አገልግሎትም ይጠቅማል፤ አማካሪው የሚያነጋግረው ሰው ስለ ራሱ የትኛውን ታሪክ እንደሚያምን ማወቅ አለበትና።

ማጠቃለያ

የውድቀት ሴራ ሱስ ከድህነት፣ ከሥራና ከሰፈር ጋር ያለውን ቁርኝት አሳይቶናል፤ ግን በሩን ዘግቶታል። የድንገተኛ መዳን ሴራ በሩን ከፍቶታል፤ ግን ከበሩ በኋላ ያለውን መንገድ አላሳየም። የስብሐት ሌሊት ሱስ ማኅበር እንዳለው አስተምሮናል፤ የዲናው ዝምታ ቤተሰብ ስለዚያ ማኅበር መናገር እንደሚቸገር ነግሮናል። የቦልድዊን አጭር ልቦለድ ደግሞ ሐራራ ሳይጠፋ፣ ዋስትና ሳይሰጥ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ሊቀመጡ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ከእነዚህ ሥራዎች ንባብ የሚገኘው ድምዳሜ ማገርሸት የታሪኩ መጨረሻ ሳይሆን ከምዕራፎቹ አንዱ መሆኑ ነው። አማርኛ ለዚህ የሚያስፈልጉት ግሦች አሉት፤ አገገመ፣ አገረሸበት፣ እንደገና አገገመ። እነዚህን ሦስት ግሦች በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ፣ በበቂ ገጽና ያለ ፍርድ አሰካክቶ የሚጽፍ ደራሲ ለአንባቢው አዲስ የታሪክ ቅርጽ ይሰጠዋል። ያን ቅርጽ የለመደ አንባቢ ደግሞ ያገረሸበት ጓደኛው በሩን ሲያንኳኳ ታሪኩ አልቋል ብሎ ለመፍረድ አይቸኩልም።